አማቴና አቆስጣዎቹ

የዛሬዋን አማቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤታቸው ነው። ያኔ እጮኛዬ የነበረችው ልጃቸው «እማዬ ልታይህ ትፈልጋለች» ብላ ወሰደችኝና ሦስት ሰዓት ሙሉ ከፊታቸው ተቀምጬ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተጠየቅሁ። የት ተወለድክ? አባትህ ምን ይሠሩ ነበር? ዴን ሃግ መኖር እንዴት ነው? ምግብ ቤት ውስጥ ቆሞ መዋል አያደክምም? ሁሉንም መለስኩ። በምሳው መሐል ሦስቴ አጎረሱኝ። ስወጣ በሩ ላይ ግንባሬን ስመው «ከእንግዲህ ቤትህ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ሊፍቱን ትቼ ደረጃውን በደስታ እየዘለልኩ ወረድኩት።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ እጮኛዬን ከሥራ ልቀበላት እዚያው አምስተርዳም ትራም ተሳፍሬ ነበር። ትራሙ ጢም ብሏል። በአንዱ ፌርማታ ላይ አንዲት ሐበሻ እናት ገቡ፤ ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፣ የሱፍ ኮፍያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው፣ ሻርባቸውን እስከ አገጫቸው ጠምጥመዋል። ብድግ አልኩ።

«እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ቀና ብለው አተኩረው አዩኝ። እኔም ፈገግ አልኩላቸው። ዝም ብዬ መቆሙ ነውር መስሎኝ «የሀገር ሰው ነዎት አይደል? እዚህ አገር ብዙ ቆዩ?» አልኳቸው።

ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። በሚቀጥለው ፌርማታ ቀስ ብለው ወረዱ። እኔም በልቤ «ምስኪን፣ ብርዱ አንደበታቸውን ሳይዘው አልቀረም» ብዬ ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

እጮኛዬ ከሥራ ስትወጣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች ነበር። ዘጋችና አፍጥጣ አየችኝ።

«እማዬን ምን አልካት?»

«የት አግኝቻቸው?»

«ትራም ላይ! ቦታ ሰጥተሃት፣ እዚህ አገር ብዙ ቆዩ ወይ ብለህ ጠይቀሃታል። ኤክት፣ የምሬን ነው፣ እያለቀሰች ነው። ቤቷ በልተህ! በእጇ አጉርሳህ!»

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። እኚያ ካፖርት የለበሱ ሴትና በነጭ ነጠላ ተሸፍነው ያጎረሱኝ ሴት አንድ ሰው መሆናቸው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሐሳቤ ውልብ አላለም። የእናቷ ፍርድ በማግስቱ ደረሰኝ። «ወይ ንቆኛል፣ ወይ አእምሮው ጤነኛ አይደለም። ለሁለቱም ልጅ አልሰጥም።»

ንቄያቸው እንዳልሆነ አውቃለሁ። አእምሮዬን በተመለከተ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ነገር ሲደርስብኝ የመጀመሪያዬ አልነበረም። አዳማ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ገበያ መሐል የእናቴን ዓይነት ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ሴት እጇን ይዤ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከትያት ሄጃለሁ። እሷ ነበረች «የማን ልጅ ነህ?» ብላ ያቆመችኝ። የሂሳብ አስተማሪዬን ከትምህርት ቤት ውጭ አግኝቼ ሰላም ሳልል ስላለፍኩ ተንበርክኬያለሁ። ሠፈር ውስጥ «ኩሩው» ይሉኝ ነበር። «ሰላምታ የእግዜር ነው፤ እሱንም ትነፍጋለህ?» ትለኝ ነበር እናቴ። እዚህ ከመጣሁ በኋላም ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ባለፈው እሑድ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራሁትን ሰው «ስምዎን ማን ልበል?» ብዬ አውቃለሁ።

ዐይኔ ደካማ ነው ብዬ መነጽር ቤት ሄጄ ነበር። ሰውየው በመሣሪያው አይቶኝ «ዐይንህ የወፍ ነው» አለኝና መለሰኝ። ከዚያ በኋላ ራሴን ሰነፍ ነኝ ብዬ ደመደምኩ። ሰው ሁሉ እንደኔ አረማመድ እያየ፣ ድምፅ እየሰማ፣ ጆሮና ጥርስ እየመረመረ ሰውን የሚያውቅ ይመስለኝ ነበርና፣ ሌሎቹ የሚበልጡኝ በትጋት ብቻ ነው አልኩ። ፊት ሲያዩ ሰውየው ወዲያው እንደሚመጣላቸው አላውቅም ነበር። ማንስ ሊነግረኝ?

የምሠራው ዴን ሃግ፣ ስኬቨኒንገን ወደብ ላይ ያለ አንድ ዓሣ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። የኋላ በሩ ውሃው ላይ ይከፈታል። እረፍት ስወጣ እዚያች በር ላይ ባዶ ሳጥን ገልብጬ እቀመጣለሁ። ከእናቷ ጋር በተቀያየምን በሁለተኛው ሳምንት፣ ልቤ እንደ ከሰል ጠቁሮ እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ፣ ጀልባ በሚታሰርበት ተንሳፋፊ መድረክ ላይ አንድ ወፍራም ነገር ተጋድሞ አየሁ። መጀመሪያ በላስቲክ የተጠቀለለ ዕቃ መሰለኝ። ዕቃው አዛጋ።

ደቾች ዜሆንድ፣ የባሕር ውሻ፣ ይሉታል። በአማርኛ አቆስጣ እንደሚባል ያወቅሁት ኋላ ነው። ዐይኑ ትልልቅና ጥቁር፣ ጢሙ የድመት፣ ሰውነቱ ግን የሞላ ፍራሽ። ወደቡ አጥር ላይ ለዓመታት ሳላነበው የማልፈው ማስታወቂያ ትዝ አለኝ፤ ሄጄ አነበብኩት። አቆስጣ ካዩ ራቅ ብለው ይቁሙ፣ ምግብ አይስጡ፣ ውሻዎን ይሰሩ፣ ፎቶ ካነሱ ደግሞ ያዩበትን ቦታና ቀን ጽፈው ይላኩልን ይላል። በስልኬ አራት ፎቶ አነሳሁና ላክሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት የዚያን ሰሞን መልስ የሚሰጠኝ ሰው ስለናፈቀኝ ይሆናል።

መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። «እናመሰግናለን! ይህቺን እናውቃታለን» ይላል። ሴት ናት። ከሁለት ክረምት በፊት ሁክ ፋን ሆላንድ ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ አላፊ አግዳሚ ፎቶ አንስቷት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልታየችም። በሕይወት በመኖሯ ሁላችንም ደስ ብሎናል፣ ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፊቱ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ እንስሳ፣ ከውሃ ወጥቶ ውሃ የሚገባ፣ በሁለት ዓመቱ ሌላ ከተማ ውስጥ ታይቶ «አወቅናት» ይባላል! እኔ ያጎረሱኝን ሴት በዘጠኝ ቀን ረሳሁ። ያን ጊዜውኑ ጻፍኩላቸው፤ «እባካችሁ፣ በምን አወቃችኋት?»

ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርገው፣ በቀይ ቀስት እያመለከቱ መለሱልኝ። አንገቷ ላይ ያሉትን ጥቁር ነጠብጣቦች ተመልከት፤ ይህቺ እንደ ባቄላ፣ ከሥሯ ሁለት ትንንሾች፣ ከዚያ ቀጥሎ ባዶ ቦታ። ሁክ ላይም ባቄላዋ፣ ሁለቱ ትንንሾች፣ ባዶው ቦታ። ዐይኔ ወዲያው ያዘው። እንደዚህ ማየትማ የልጅነት ሙያዬ ነው! ሰው በዚህ ዓይነት መንገድ ሌላውን ሲለይና በግልጽ፣ ያለ ሐፍረት ሲያስረዳ በሕይወቴ መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ እረፍቴን በሙሉ እዚያች በር ላይ ሆንኩ። ሼፌ «ዓሣውን እዚህ እየጠበስክ ሌባውን እዚያ ፎቶ ታነሳለህ» እያለ ይስቅብኛል። ፎቶ በላክሁ ቁጥር፣ የሰዎቹን ድረ ገጽ እያገላበጥኩ «ይህ በመጋቢት የታየው፣ ጀርባው ላይ ጠባሳ ያለው አይደለም ወይ?» ማለት ጀመርኩ። አምስቴ ብዬ አምስቴም ልክ ስሆን «አንድ ቀን መጥተህ ለምን አብረኸን አትሠራም?» የሚል ደብዳቤ መጣ።

የጠበቅሁት ትልቅ ቢሮ ነበር። ያገኘሁት ግን ዴን ሃግ ባለ የሠፈር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንዲት የኋላ ክፍል ነው፤ ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ብዙ ብስኩት። ሥራውን የሚመሩት ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰባዎቹን ያጋመሱ ሴት። በደች «አንቺ በለኝ» ብለውኛል፤ እላቸዋለሁም። ስለሳቸው በአማርኛ ሳወራ ግን አንደበቴ እምቢ ይላል።

ሥራውን አስተማሩኝ። ሰው ሁሉ ያነሳውን ይልካል፤ ዓሣ አጥማጅ፣ የትምህርት ቤት ጉዞ የወጣ ክፍል፣ ልብስ ሊያሰጣ ሰገነት ላይ የወጣ ሰው። ግማሹ ፎቶ ደብዛዛ ነው፣ አንዳንዱ እንጨት ነው። ኮምፒውተሩ ነጠብጣቡን አነጻጽሮ «ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል» ብሎ ይደረድራል። አዎ ወይም አይደለም የሚለው ግን ሰው ነው፤ ያውም ሁለት ሰው፣ ለየብቻ አይተው ከተስማሙ ብቻ። አቆስጣ ሲረጥብ ይጠቁራል፣ ሲደርቅ ይነጣል፣ ይወፍራል፣ ይከሳል፣ በየዓመቱ ፀጉሩን ይለውጣል። ነጠብጣቡ ግን አብሮት ያረጃል። አስቸጋሪው ነገር የግራውና የቀኙ ጎን አለመመሳሰሉ ነው፤ ግራው ብቻ የተነሳና ቀኙ ብቻ የተነሳ አንድ እንስሳ ሁለት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል።

ያ ነገር ነው ዕድሌን ያመጣው። መዝገቡ ውስጥ ሁሉም የሚወዳት አንዲት ሴት አቆስጣ ነበረች፤ በግራ ጎኗ ብቻ የምትታወቅ፣ እዚሁ ዴን ሃግ ዳርቻ ላይ አሸዋው ላይ ተጋድማ ሰው ስታይ የምትኖር። ጠፍታለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ፎቶ አልመጣም፤ ሞታለች ብለው አዝነውላታል። አንድ ማክሰኞ፣ ከሥራ በፊት ተቀምጬ አዳዲስ ፎቶ ስለይ፣ ከቭላርዲንገን የተላከ አንድ ፎቶ አገኘሁ። አንድ ሰው ወንዙ ዳር ዓሣ ሲያጠምድ አቆስጣ ከፊቱ ብቅ ብላ ኖሯል፤ አፏን ከፍታ ቀጥታ ካሜራውን ታያለች። እንዲህ ፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ሌላው አይወደውም፤ ጎኑ አይታይማ። እኔ ግን ፊቷን ትቼ አንገቷን ነው ያየሁት። በስተቀኝ የተደፋ ቀለም የመሰለ ትልቅ ጥቁረት አለ፤ ያንን አውቀዋለሁ፣ ሮተርዳም አካባቢ በቀኝ ጎኗ ብቻ የተመዘገበች ሴት ነች። በስተግራ ደግሞ፣ ከአገጯ ሥር፣ ሦስት ነጥብ በመስመርና ጫፉ የተነከሰ ብስኩት የመሰለ ክብ ትንሽ ብቅ ብሏል።

ያንን ብስኩት የት ነው ያየሁት?

የጠፋችዋን መዝገብ ከፈትኩ። ሦስት ነጥብ በመስመር፤ የተነከሰ ብስኩት።

«ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ይምጡ» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ሐኪሟ ቃሉን ባያውቁትም ድምፄን አውቀው መጡ። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አዩ። ከዚያ ሌላዋን ባልደረባ ጠርተው፣ ምንም ሳይነግሯት አሳዩዋት። እሷም አፏን በእጇ ያዘች። ሁለቱ አቆስጣዎች አንድ ነበሩ። የሞተችው በሕይወት ነበረች፤ ቤት ቀይራ፣ ወንዙን ወደ ላይ ወጥታ፣ በሌላ የመዝገብ ቁጥር ስትኖር። አጨበጨቡ። አንዷ ሮጣ ሄዳ የፖም ኬክ ይዛ መጣች። ሐኪሟ በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ይዘው ወዘወዙኝ።

ኬኩን እየበላን «እንዴት አየኸው?» አሉኝ። «እኛ ያንን ፎቶ ስንት ጊዜ አልፈነዋል።»

«እኔ ሁልጊዜ የማየው እንደዚህ ነው» አልኳቸው። «ሰውንም ቢሆን።»

«ሰውን ምን ታደርጋለህ?»

ነገርኳቸው። አረማመዱን፣ ድምፁን፣ ጆሮውን። የአዳማዋን ቢጫ ቀሚስ፣ የትራሙን ነገር ሳይቀር። እያዳመጡ ሹካቸውን አስቀመጡ።

«እኔ በዚያ በር ስገባ በምን ታውቀኛለህ?»

«በቦርሳዎና በሳልዎ። ከመግባትዎ በፊት ሁልጊዜ አንዴ ያስላሉ።»

«ፊቴንስ?»

«ሳየው ደስ የሚል ፊት ነው። ስወጣ ግን አብሮኝ አይወጣም።»

አልሳቁም። ፊት የማይዙ ዐይኖች ያሏቸው ሰዎች አሉ አሉኝ፤ አብሯቸው የሚወለድ ነገር ነው፣ ስሙም ይታወቃል፣ ከስንፍናም ከኩራትም ጋር አይገናኝም። እሳቸው ጥርስ ሲያክሙ እንደዚህ ያለ አንድ ሰው ያክሙ ነበር፤ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይተዋወቃቸዋል። «ሠላሳ ዓመት ተዋወቅን» አሉና ያን ጊዜ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ትንሽ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ትዕቢተኛ ነህ ስባል ኖሬ አለመሆኔን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ወጥቼ መንገድ ላይ ቆሜ ለእጮኛዬ ደወልኩ። እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ እዚህ ያደገች ናት፤ የማታውቀውን ነገር ወዲያው ስልኳ ላይ ትፈልጋለች። ስታነብ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ቆይ፤ እኔንስ? እኔን በምንድን ነው የምታውቀኝ?»

«ስትራመጂ ቀኝ እግርሽ ትንሽ ወደ ውጭ ይዞራል። ግራ ጆሮሽ ጫፉ ላይ እንደ ገጽ የታጠፈች ነገር አለች። የትራም ካርድሽን ሦስት ኪስ ፈልገሽ ሁልጊዜ አራተኛው ውስጥ ታገኚዋለሽ። ስትስቂ መጀመሪያ የሚስቀው ትከሻሽ ነው፤ ድምፁ በኋላ ነው የሚመጣው።»

ስትራመድ ሰማሁ፤ በር ተከፈተ።

«የት ነሽ?»

«መስታወት ጋ። ጆሮዬን እያየሁ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ማንም እንደዚህ አይቶኝ አያውቅም» አለች። የትከሻዋ ሳቅ በስልክ ባይሰማም እንደጀመረ አወቅሁ።

እናቷን ማሳመን ግን ሌላ ነገር ሆነ። ልጅቷ ደስ ብሏት የአቆስጣውን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስትነግራቸው እሳቱ ላይ ነዳጅ አፈሰሰችበት። «እንዴት? የባሕር ውሻ ለይቶ እኔን አጣኝ? ለውሻ የሚበቃ ዐይን ለእኔ ጠፋ?» አሉ። ፊት የማይለይ ሰው የሚባለውን ደግሞ «እዚህ አገር ስም የማይወጣለት በሽታ የለም» ብለው ዘጉት። ሁለት ሳምንት ለመነቻቸው። በመጨረሻ «አንድ ጊዜ ብቻ ይምጣ፤ ምሳ ግን የለም» አሉ።

ሄድኩ። በነጭ ነጠላ ተሸፋፍነው ተቀምጠዋል፤ አልተነሱም። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል «ተው፣ ተው፣ ተቀመጥ» አሉ። ከቦርሳዬ የታተሙ ፎቶዎችን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። «እማማ፣ ትራም ላይ የሆነውን ነገር በቃል ከማስረዳዎ ላሳይዎት» አልኩ።

መነጽራቸውን አደረጉ። መጀመሪያ ለይስሙላ ነበር የሚያዩት። በኋላ ጎንበስ አሉ።

«ይቺኛይቱና ያቺኛይቱ አንድ ናቸው።»

«አይደሉም እማማ። እዚህ ጋ፣ ከጆሮዋ ኋላ ይመልከቱ።»

«እህ። ታዲያ ይቺስ?»

«እርስዎ ይንገሩኝ።»

አንዱን ፎቶ አንስተው ከሌላው፣ ከሌላው ጋር እያስተያዩ ሄዱ። ልጃቸው እንዳትስቅ ከንፈሯን ነክሳለች። «ይቺ ናት!» አሉ ድንገት፣ ጠረጴዛውን መታ አድርገው። ልክ ነበሩ። ይህን ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው በደንብ አዩኝ።

«እኔስ?» አሉ። «እኔ ምን ምልክት አለኝ?»

«ፈቃድዎ ከሆነ ልይዎት።»

ተመቻችተው ተቀመጡ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው። አየኋቸው። ግራ ትከሻቸው ከቀኙ ዝቅ ይላል። ቀኝ አውራ ጣታቸው ላይ የቆየ የቃጠሎ ምልክት አለ። ሊናገሩ ሲሉ አስቀድመው ትንሽ አየር ይስባሉ። አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ ከዚያ ትንሽ አሰቡና እጃቸውን ወደ አንገታቸው ወስደው ነጠላውን ፈቱት።

አንገታቸው ከአገጫቸው ሥር እስከ ደረታቸው ተነቅሷል። ሰማያዊ አረንጓዴ የሆነ ንቅሳት፣ ረድፍ በረድፍ፣ በመሐሉ ትንንሽ መስቀል።

«ጎንደር ሳለሁ ለሠርጌ ነው የተነቀስኩት» አሉ። «ያኔ ውበት ነበር። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት የማጸዳበት ቤት ሴትዮ አየችና ‹ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ? ፖሊስ ልጥራልሽ?› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት በበጋም በክረምትም ሸፍኜዋለሁ። ይኸው። ከዚህ የበለጠ ምልክት ምን ትፈልጋለህ?»

ጠጋ ብዬ አየሁ፤ እንደለመድኩት፣ ከግራ ጀምሬ። «አምስት ረድፍ ነው» አልኩ። «ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በስተግራ በኩል፣ አንዲት ነጥብ ጎድላለች።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አየሃት?»

«አየኋት።»

«እዚያች ላይ ስትደርስ አመመኝና ከነቃሿ እጅ አምልጬ ሮጥኩ! በማግስቱ ሌላውን አስጨረሱኝ፤ እሷን ግን ቢይዙኝ፣ ቢለምኑኝ እምቢ አልኩ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አርባ ዓመት አብሮኝ ኖሮ አላያትም። ይቺ ልጅም አላየቻትም።» ልጃቸው ተነስታ መጥታ አንገታቸው ሥር ጎንበስ ብላ ፈለገቻት። አማቴ መሳቅ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የሳቀው። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት እያዩ «ምሳ የለም ማለቴ የዶሮ ነው፤ ሽሮ አለ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ከቤት ሲወጡ አንገታቸውን መሸፈን ተዉ። ብርድ ሲሆን ሻርብ ያደርጋሉ፤ ፌርማታ ላይ ሲያገኙኝ ግን ገና ከሩቅ በሁለት ጣታቸው ዝቅ ያደርጉታል፣ መታወቂያ እንደሚያሳይ ሰው። አንድ ቀን አብሮን የነበረ የደች ጎረምሳ አይቶ «ሜቭራው፣ እመቤቴ፣ ይህ ንቅሳት በጣም ያምራል፣ የት ነው ያሠሩት?» ሲላቸው «ሩቅ ነው፤ አንተ አታገኘውም» ብለው በደች መለሱለትና ቀኑን ሙሉ ያንን እያሰቡ ሲስቁ ዋሉ።

ሠርጋችን ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን ውስጥ በተከራየነው አዳራሽ ነበር። ከሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ አማቴ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አቁመው አንድ ማስታወቂያ ተናገሩ። «ልጃችን የሰው ፊት አይለይም። አብሮት የተፈጠረ ነው፤ ትዕቢት አይደለም። ስለዚህ ሰላም ስትሉት ስማችሁን እየነገራችሁ በሉት። የሚያፌዝ ሰው ቢኖር ከእኔ ጋር ነው።» ለሠርጉ የመጣው ሰው ሁሉ በተራ እየሳመኝ «እኔ የእገሌ አጎት ነኝ»፣ «እኔ የእገሊት ጎረቤት፣ ባለፈው ድንች የሰጠሁህ» ይለኛል። ስንት ዓመት የተሸከምኩት ጭንቀት በአንድ ቀን ተራገፈ። አንድ ሽማግሌ ጢማቸውን እያሻሹ «እኔ አቆስጣ ነኝ» ሲሉኝ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሐኪሟ ከፊት ወንበር ላይ ከአማቴ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ምን እንደሚያወሩ ባይሰማኝም አማቴ አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው ሲያሳዩ፣ ሐኪሟም መነጽራቸውን አውልቀው ሲያዩ አየሁ።

ባለፈው ጸደይ፣ የምሳ ጥድፊያ ላይ እያለሁ፣ ስልኬ ደጋግሞ ጮኸ። አማቴ ናቸው። «አቆስጣ አየሁ!» አሉኝ እያለከለኩ። አምስተርዳም፣ ከሴንትራል ጣቢያ ጀርባ ያለው ሰፊው ውሃ ጋ ወደ ማዶ የሚያሻግረውን ነፃ መርከብ ሊሳፈሩ ቆመው ነው። «ራቅ ብያለሁ፣ ምንም አልሰጠሁም፣ አንድ ሰውዬ ውሻ ይዞ ሲመጣ ተቆጥቼ መልሼዋለሁ። አሥራ አንድ ፎቶ አንስቻለሁ!»

ሲደርሱኝ አሥሩ ላይ ያለው የአማቴ አውራ ጣት ነው። አሥራ አንደኛው ላይ ግን፣ ራቅ ብሎ፣ እርጥብ ግራጫ ጭንቅላት፣ ግራ ጎኑ ወደኛ ዞሮ ይታያል። ለሐኪሟ ላክሁት። አጉልተው አዩት፣ ኮምፒውተሩ ያመጣቸውን ሁሉ አዩ፣ እኔም ለብቻዬ አየሁ። ከማንም ጋር አልገጠመም። ከዚህ በፊት ማንም ፎቶ ያላነሳት እንስሳ ነበረችና አዲስ ቁጥር ተሰጣት፤ «መጀመሪያ ያየ» በሚለው ቦታ ላይ የአማቴ ስም ተጻፈ። ወረቀቱን አሳትሜ ስወስድላቸው በላስቲክ አስለብሰው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሰቀሉት።

ከዚያ በኋላ በደወሉ ቁጥር ጥያቄያቸው አንድ ሆነ፤ «ልጄስ ታየች?» አልታየችም እማማ። «ታዲያ ምን በላች? መርከብ መቷት ይሆን?» በሁለተኛው ወር አንድ ሰው ሁክ ፋን ሆላንድ ላይ አሸዋ ላይ ተኝታ አግኝቷት ፎቶዋን ላከ። ወፍራለች። ሥራዬን ጥዬ የኋላ በር ላይ ወጥቼ ደወልኩላቸው። አማቴ ሰምተውኝ ከስልኩ ራቅ አሉና እልልታቸውን ለቀቁት፤ ከዚያ ጎረቤታቸው፣ አንዲት የሞሮኮ ሴት፣ ምን ተገኘ ብላ በር ስታንኳኳ፣ እሳቸውም በደች «ደህና ናት! ወፍራለች!» ሲሉ፣ ሴትየዋም ማን እንደሆነች ሳትጠይቅ አብራቸው እልል ስትል እየሰማሁ ቆምኩ።